ሳይጠሩት አቤት የሚል ፕሮግራም ላፕቶፔን ወርሮታል፤ መላ በሉኝ

የአቤል እናት፦

ሰላም ለሁላችሁም። እባካችሁ የሚያውቅ ሰው ይምከረኝ፤ ቆሽቴ አርሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለልጆቹ ትምህርትና እኔ ቤት ሆኜ ለምሠራው የሒሳብ ሥራ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛን። ከውጭ የመጣ ነው፤ ንጹሕ ነው፤ ባትሪውም ጥሩ ይይዛል። ሻጩ "ሁሉ ነገር ተጭኖበታል፣ ምንም አታስቢ" አለኝ። እንደ ምርቃት ነበር የነገረኝ።

ቤት ወስጄ ስከፍተው ያ "ሁሉ ነገር" ምን እንደሆነ ገባኝ። ገና ዴስክቶፑ ሳይመጣ አንዱ ብድግ ብሎ "ድራይቨሮችህ አርጅተዋል" ይላል። እሱን ስዘጋው ሌላው "ከሺህ በላይ ስህተት አግኝቻለሁ፣ ለማስተካከል ክፈል" ይላል፤ ያውም በዶላር። ሁለት አንቲቫይረስ ተጭኖበታል። ማሽኑ ይንቀራፈፋል። ብሮውዘሩን ስከፍት ጉግል አይመጣም፤ ስሙን ሰምቼው የማላውቀው መፈለጊያ ነው የሚመጣው። እቀይረዋለሁ፤ ዘግቼ ስከፍተው ያው እሱ ነው።

ከሁሉ የባሰው የልጄ ነው። የሒሳብ ትምህርት ቪዲዮ እያየ ከስክሪኑ ቀኝ ጥግ የቁማር ማስታወቂያ ብቅ አለ። ቀጥሎ የመጣውን ምስል እዚህ ልጽፈው አልፈልግም። ልጁ ገና 3ኛ ክፍል ነው። የኢንተርኔት ጥቅሌም እንዲሁ። ከስልኬ ሆትስፖት ከፍቼ አንድ ደብዳቤ ጽፌ ልኬ ሳልጨርስ ጥቅሉ አልቋል። ማን በላው?

ወደ ሱቁ መልሼ ፎርማት አደረጉልኝ። ከኢንተርኔት ጋር እስካገናኘው ድረስ ዝም አለ። ካገናኘሁት በኋላ ከነግሳንግሱ መጣ። ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁት፣ ቤቴ ያለ ዕቃ ነው። እኔ ያላስገባሁት ፕሮግራም በምን ሥልጣን ነው የሚያዘኝ? ችግሩ የሃርድዌር ይሆን?

ጥገና ከመገናኛ፦

እህቴ፣ ሃርድዌሩ ጤነኛ ነው። ሥራዬ ይሄው ስለሆነ የሚመለስበትን መንገድ ልንገርሽ።

ብዙ ሱቅ ዊንዶውስን ከባዶ አይጭንም። አንድ ማሽን ላይ ዊንዶውሱን፣ ኦፊሱን፣ ክራኩን (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ፈቃዱን የሚሰብረውን)፣ ማጫወቻውን፣ ቪፒኤኑን፣ የተገኘውን ሁሉ ይጭንና ቅጂውን ያስቀምጣል። ከዚያ በሚመጣው ላፕቶፕ ሁሉ ላይ ያንኑ ይገለብጣል፤ ጊዜ ይቆጥባል። አንቺ ፎርማት ስትያቸው ያደረጉልሽ ያንኑ ቅጂ እንደገና መገልበጥ ነው። ስለዚህ ኮተቱ ተመለሰ ሳይሆን ጭራሽ አልወጣም።

ሁለተኛ መንገድ አለ፤ ብሮውዘሩ። ክሮም ውስጥ በጉግል አካውንትሽ ስትገቢ ኤክስቴንሽኖችሽ፣ ማለትም ብሮውዘሩ ላይ የሚለጠፉ ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ተከትለው ይመጣሉ። ቆሻሻ ኤክስቴንሽን በአካውንትሽ ላይ ከተመዘገበ ማሽኑ መቶ ጊዜ ፎርማት ቢደረግ ተመልሶ ይገባል።

እስቲ ሁለት ነገር አይተሽ ንገሪኝ። ክሮም ላይ ቀኝ ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስትጫኚ ከሜኑው ግርጌ "ማኔጅድ ባይ ዩር ኦርጋናይዜሽን" የሚል አለ? ሌላው፣ ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ክፈቺ። ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን ግቢ፤ ማኔጅ ሴቲንግስ የሚለውን ተጫኚና እስከ ታች ውረጂ። ኤክስክሉዥንስ የሚል ታገኛለሽ። እዚያ ውስጥ ምን ተጽፏል?

ጡረተኛው፦

በእህታችን ጥያቄ መሐል ስለገባሁ ይቅርታ። እኔም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለብኝ። ከስክሪኑ ጥግ እየተንጫጫ "የአንቲቫይረስዎ ጊዜ አልፏል፣ ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው" የሚል ይወጣል። የሚጠቅሰውን አንቲቫይረስ እኔ ገዝቼም ጭኜም አላውቅም። አንዳንዴ ስክሪኑን ሙሉ ይይዝና የስልክ ቁጥር ሰጥቶ ደውል ይለኛል። ጋዜጣ ከማንበብና ከልጆቼ ጋር በቪዲዮ ከማውራት ሌላ ምንም አልሠራበትም። ልጆቼ ያሉት ውጭ አገር ነው፤ የሚያይልኝ የለም።

ጥገና ከመገናኛ፦

ጋሼ፣ አይጨነቁ፤ የእርስዎ ቀላል ነው። ይሄ ቫይረስ አይደለም፤ የዌብሳይት ኖቲፊኬሽን ነው። አንዳንድ ገጽ ሲከፈት ከላይ በግራ በኩል ትንሽ መስኮት ይመጣና "አላው" (ፍቀድ) እና "ብሎክ" (ከልክል) ይላል። ገጹ ደግሞ "ሮቦት አለመሆንህን ለማረጋገጥ አላውን ተጫን" ይላል። ሰው ይጫናል። ከዚያ በኋላ ያ ዌብሳይት ገጹ ባይከፈት እንኳ ማስታወቂያ ይልካል። አሠራሩ ሆን ተብሎ ሰውን ለማታለል የተዘጋጀ ነው።

ክሮም ላይ ሦስቱን ነጥቦች ይጫኑ፤ ሴቲንግስ ይግቡ፤ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ቀጥሎ ሳይት ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ ኖቲፊኬሽንስ። የተፈቀደላቸው ገጾች ዝርዝር ይመጣል። የማያውቁትን ሁሉ ያጥፉ። ከፈለጉ እዚያው ላይ ማንኛውም ገጽ ጨርሶ እንዳይጠይቅዎት ማድረግ ይቻላል፤ ለእርስዎ ይሄ ይሻላል።

ስክሪኑን ሞልቶ ደውል ለሚለው ደግሞ በፍጹም አይደውሉ። ማይክሮሶፍት በስህተት መልእክት ላይ የስልክ ቁጥር አያስቀምጥም። ቁጥር ካለበት ሌባ ነው። ኤፍ 11 ይጫኑ፣ ካልሆነም ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕን አብረው ይጫኑና ክሮምን ከዝርዝሩ ይዝጉት።

የአቤል እናት፦

አየሁት። "ማኔጅድ ባይ ዩር ኦርጋናይዜሽን" ይላል። እኔ ምንም ድርጅት የለኝም! ኤክስክሉዥንስ ውስጥ ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። ሲ፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ያዘነበለ ሰረዝ። ይሄው ነው። ምን ማለት ነው?

ጥገና ከመገናኛ፦

እሱ መስመር ነው ጉዱ።

ኤክስክሉዥን ማለት የዊንዶውሱ ጠባቂ፣ ዲፌንደር፣ "እዚህ ቦታ አትፈትሽ" የተባለበት ነው። የአንቺ የሚለው መላው ሲ ድራይቭ አይፈተሽ ነው። ዊንዶውሱም፣ ፕሮግራሞቹም፣ ፋይሎችሽም ያሉት እዚያ ነው። ጠባቂው በር ላይ ቆሟል፤ ቤቱን ግን እንዳያይ ታዟል። ለዚህ ነው "ኮምፒውተርህ ደህና ነው" እያለ አረንጓዴ ምልክት የሚያሳይሽ። ይሄን ያስገባው ብዙ ጊዜ ክራኩ ራሱ ነው። ዲፌንደር እንዳይሰርዘው መጀመሪያ ዲፌንደርን ያሳውረዋል።

የክሮሙ ጽሑፍ ደግሞ ለመሥሪያ ቤቶች የተሠራ አሠራር ነው። መሥሪያ ቤት የሠራተኞቹን ብሮውዘር ከአንድ ቦታ እንዲያዝ ዊንዶውስ ውስጥ ትእዛዝ ይጻፋል። ቆሻሻ ፕሮግራሞች ይሄንኑ ትእዛዝ ሰርቀው ይጽፉና የራሳቸውን መፈለጊያና ኤክስቴንሽን በግድ ያስገባሉ። ስትቀይሪው የሚመለስብሽ፣ ኤክስቴንሽኑን ስታጠፊ "ሪሙቭ" የሚለው የማይሠራልሽ ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ አንድ በአንድ እየለቀሙ መድከም አያዋጣም። ከባዶ፣ ከማይክሮሶፍት ከራሱ በወረደ ዊንዶውስ መጫን ነው መፍትሔው።

አራት ኪሎ፦

ወንድሜ፣ የምትለው ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን እዚህ አገር ማን ነው ኦሪጅናል የሚገዛው? የዊንዶውስ ዋጋ በዶላር ሲታሰብ ስንት ወር ደመወዝ ነው? ካርዱስ የታለ? ተማሪው ሁሉ በክራክ ነው የሚሠራው። ክራክ ሁሉ ቫይረስ ነው ማለት ማጋነን ነው። እኔ ለረጅም ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ፤ ችግር አላየሁም።

ጥገና ከመገናኛ፦

ዋጋው ላይ እስማማለሁ፤ ማንም ሰው ከዳቦው ቀንሶ ይግዛ አልልም። ግን አብዛኛው ሰው የማያውቀውን ነገር ልንገርህ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ በታወቁ ፋብሪካዎች የተሠሩ ላፕቶፖች ዊንዶውስ ተጭኖባቸው ከወጡ፣ የፈቃድ ቁልፉ ባዮሱ ውስጥ፣ ማለትም ከዊንዶውሱ በፊት የሚነሣው የማሽኑ የራሱ ፕሮግራም ውስጥ፣ አብሮ ይቀመጣል። ማሽኑ ያገለገለ ቢሆንም ቁልፉ አይጠፋም። ያንኑ ዓይነት ዊንዶውስ ከባዶ ስትጭንና ከኢንተርኔት ጋር ስታገናኘው ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ሆም ከሆነ ሆም፣ ፕሮ ከሆነ ፕሮ። ብዙ ሱቅ ግን ሆም የነበረውን በፕሮ ክራክ ይሸፍነዋል። ሰውየው የከፈለበት ፈቃድ ውስጥ ተኝቶ እያለ በላዩ ላይ የተሰረቀ ይጭኑለታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ቁልፍ የሌለው ማሽን ላይም ቢሆን ዊንዶውስ ሳይከፈልበት ይሠራል። ጥግ ላይ ጽሑፍ ይኖረዋል፤ የጀርባ ምስልና ቀለም አያስቀይርም። ለኦፊስ ደግሞ ሊብሬኦፊስ በነጻ አለ። የዎርድና የኤክሴል ፋይል ይከፍታል፤ አማርኛም ያለ ችግር ይጽፋል።

"ችግር አላየሁም" ላልከው፣ ዛሬ የሚመጣው ዓይነት እንዲታይ አይፈልግም። የድሮው ሾርትከት ቫይረስ ፍላሽህን ሲያበላሸው ታየዋለህ። የዘንድሮዎቹ ዝም ብለው ብሮውዘርህ ያስቀመጠውን የይለፍ ቃል ሁሉ በሰከንዶች ቀድተው ይሄዳሉ። ሬድላይን የሚባለው ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሄን ሲሠራ ነበር፤ በክራክ መልክም ተሰራጭቷል። ስቶፕ የሚባለውም አለ፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ። ዋናው መግቢያው ክራክ ነው። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው የመጡ ተማሪዎች አሉ፤ ፋይሉ ተቆልፎ ስሙ መጨረሻ ላይ ባዕድ ፊደላት ተቀጥለውበት። ለአንዳንዱ መክፈቻ ተገኝቷል፤ ለብዙው ግን የለም። ያን ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ማየት ቀላል አይደለም።

ከቨርጂኒያ፦

ሰላም ወገኖች። ለቤተሰብ ላፕቶፕ እየገዛሁ ስለምልክ ይሄ ርእስ ይመለከተኛል። ችግሩ የአገራችን ሱቆች ብቻ አይደለም። እዚህም ከካርቶኑ ያልወጣ አዲስ ማሽን ተገዝቶ ሲከፈት የሙከራ አንቲቫይረስና ጌም ይሞላበታል። የሚጭኑትም ስለሚከፈላቸው ነው።

በጣም የከፋው በ2014 እና በ2015 የሆነው ነው (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሌኖቮ ለቤት ተጠቃሚ በሚሸጣቸው ላፕቶፖች ላይ ሱፐርፊሽ የሚባል ማስታወቂያ የሚያስገባ ፕሮግራም ጭኖ ነበር። ፕሮግራሙ የራሱን ሰርተፊኬት ዊንዶውስ ውስጥ ከትቶ የቁልፍ ምልክት ያለባቸውን የተመሰጠሩ ገጾች፣ ባንክንም ጨምሮ፣ መሐል ገብቶ መክፈት ይችል ነበር። የሰርተፊኬቱ ቁልፍ በሁሉም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ስለነበር ያንን ያገኘ ሌላ ሌባም ሊጠቀምበት ይችል ነበር። ኩባንያው በ2017 ከአሜሪካ የንግድ ኮሚሽንና ከ32 ግዛቶች ጋር ተስማምቶ ጉዳዩ ተዘጋ። በዚያው በ2015 ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ፤ ዊንዶውስ ከባዶ ቢጫንም ባዮሱ ራሱ የኩባንያውን ፕሮግራም መልሶ የሚያስገባ ሆኖ ተገኘ። በኋላ ማስወገጃ አወጡለት።

አንቲቫይረስም ቢሆን በስሙ ብቻ አይታመንም። አቫስት የተጠቃሚዎቹን የብሮውዘር ታሪክ ጃምፕሾት በሚባል ቅርንጫፉ በኩል ሲሸጥ ተደርሶበት በ2020 ዘጋው። በ2024 ኮሚሽኑ 16.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለው። እኔ አሁን ለእናቴ ማሽን በምልክበት ጊዜ ከዲፌንደር ሌላ አልጭንም። ከመላኬ በፊት ራሴ ከባዶ ጭኜ ነው የምልከው።

ኔትወርክ ሰው፦

"ጥቅሌን ማን በላው" ላለችው እህቴ። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያ ዳታ ዩሴጅ ግቢ። እያንዳንዱ ፕሮግራም ስንት እንደወሰደ ይነግርሻል። ከላይ ያለው ማን ነው?

የአቤል እናት፦

ከላይ ያለው ቪፒኤን ነው። ከክሮምም ይበልጣል። ከፍቼው አላውቅም። ሱቁ ነው የጫነው።

ኔትወርክ ሰው፦

ጠርጥሬ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያው ለወራት ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ያልጫነ ሰው አልነበረም፤ ሱቆችም በቅጂያቸው ውስጥ አስገቡት። ነጻ ቪፒኤን ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ግን ከአንዳንዶቹ ጀርባ ያለው ንግድ የአንቺን ኢንተርኔት ለሌላ ሰው ማከራየት ነው። ሌላ አገር ያለ ሰው በአንቺ መስመር፣ በአንቺ አድራሻ ይወጣል። ያ ሰው ሲያጭበረብር የሚታየው የአንቺ ቤት አድራሻ ነው።

ይሄ ወሬ አይደለም። በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት 911 ኤስ5 የሚባለውን መረብ ሲያፈርስ ከ19 ሚሊዮን በላይ የኢንተርኔት አድራሻዎች ተገኝተውበታል። ወደ ሰዎች ኮምፒውተር የገባው እንደ ማስክ ቪፒኤንና ዲው ቪፒኤን ባሉ ነጻ ፕሮግራሞች ነው፤ ከተሰረቁ ሶፍትዌሮች ጋርም ታሽጎ ይሰጥ ነበር። የአንቺ ያ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ያልከፈትሽው ቪፒኤን ከክሮም በላይ ዳታ የሚበላበት ቀና ምክንያት አይታየኝም።

ጡረተኛው፦

የተባልኩትን አደረግሁ። ዝርዝሩ ውስጥ የማላውቃቸው ገጾች ተደርድረው አገኘሁ፤ ሁሉንም አጠፋሁ። ዛሬ ጠዋት ጋዜጣዬን ያለ ጫጫታ አነበብኩ። እድሜ ይስጥህ ልጄ።

አንድ ነገር ግን ልናገር። እኛ ሽማግሌዎች "አታውቁም" እየተባልን እንወቀሳለን። በሕይወቴ ውል አንብቤ ነው የፈረምኩት። እነዚህ ሰዎች ግን "እሺ" የሚለውን ትልቅና ሰማያዊ፣ "አልፈልግም" የሚለውን ግራጫና ጥቃቅን አድርገው ያስቀምጡታል። እንዲህ ተደርጎ የተገኘ ፈቃድ በእኛ ዘመን ፈቃድ አይባልም ነበር።

የአቤል እናት፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ወንድሜ ከማይክሮሶፍት ገጽ ዊንዶውሱን በፍላሽ አዘጋጅቶ መጣ። ሲጭን የነበሩትን የዲስክ ክፍልፋዮች በሙሉ አጥፍቶ ነው የጀመረው። ከዋይፋይ ጋር ሲገናኝ አክቲቬት ሆነ! ቁልፉ እውነትም ውስጡ ነበር። ወደ ክሮም ከመግባቴ በፊት ከስልኬ ሆኜ በጉግል አካውንቴ ላይ ሲንክ ተደርጎ የተቀመጠውን ዳታ ሰረዝኩ፤ ኤክስቴንሽኑ አልተከተለኝም። ማሽኑ አሁን ሌላ ማሽን ነው።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ልጁ ደግሞ የሆነ ነገር እንዳይጭንበት ምን ላድርግ? ጥቅሌስ በዊንዶውስ ማሻሻያ እንዳያልቅ?

ጥገና ከመገናኛ፦

ጎበዝ! ለልጁ የራሱን አካውንት ክፈችለት፤ ስታንዳርድ የሚባለውን ዓይነት። አድሚን የአንቺ ብቻ ይሁን። አብዛኛው ፕሮግራም ልጫን ሲል የአንቺን የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ሳታውቂ አይገባም። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ደግሞ አፕ ኤንድ ብሮውዘር ኮንትሮል፣ ከዚያ ሬፑቴሽን ቤዝድ ፕሮቴክሽን ግቢና "ፖቴንሻሊ አንዎንትድ አፕ ብሎኪንግ" የሚለው መብራቱን አረጋግጪ። ከሌላ ፕሮግራም ጋር ተለጥፎ የሚመጣ ኮተትን ለመከልከል የተሠራ ነው።

ለዳታው፣ የሆትስፖቱን ስም ተጫኚና ፕሮፐርቲስ ውስጥ "ሚተርድ ኮኔክሽን" የሚለውን አብሪ። ዊንዶውስ ትልልቁን ማሻሻያ ሳይጠይቅሽ አያወርድም። ግን ጨርሶ አትተዪው፤ መሥሪያ ቤት ወይም ዘመድ ጋ ዋይፋይ ስታገኚ አሻሽዪው። ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚባለውንም አጥፊ፤ እሱ የወረደውን ማሻሻያ ለሌሎች ኮምፒውተሮች በአንቺ ዳታ ሊያካፍል ይችላል።

ቀጥሎ ላፕቶፕ የምትገዙ ሰዎች ደግሞ ሻጩን "ባዶውን ስጠኝ፣ እኔ እጭናለሁ" በሉት። ቅር ሊለው ይችላል። ይበለው።

አራት ኪሎ፦

ወንድሜ፣ እኔም ኤክስክሉዥንስን ከፍቼ አየሁ። መላው ሲ ድራይቭ አይደለም፤ ግን የዳውንሎድ ፎልደሬና ሌላ የማላውቀው ፎልደር ተጽፏል። ከባዶ ልጭን ነው። ከዚያ በፊት መቅደም ያለበት ነገር አለ?

ጥገና ከመገናኛ፦

አለ። በዚያ ላፕቶፕ ላይ ምንም የይለፍ ቃል እንዳትቀይር፤ አዲሱንም ሊወስደው ይችላል። ስልክህን ተጠቀም። መጀመሪያ ኢሜይልህን ቀይር፤ የሌላው ሁሉ መክፈቻ እሱ ነው። ከዚያ ቴሌግራም ላይ ሴቲንግስ ገብተህ ዲቫይስስ የሚለውን ክፈትና "ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ" በል። እነዚህ ሌቦች የቴሌግራምን የዴስክቶፕ ፎልደር ቀድተው ስለሚሄዱ ኮድ ሳይጠየቁ በአንተ ስም ሊገቡ ይችላሉ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም አብራ። ቀጥሎ ባንክህ፣ ቀጥሎ የትምህርት ቤትህ።

ወደ ፍላሽ ስትገለብጥ የዎርድ ፋይልህን፣ ፒዲኤፍህንና ፎቶህን ብቻ ውሰድ። የመጫኛ ፋይል፣ ዚፕ የተደረገ ክራክ፣ "በኋላ ያስፈልገኛል" ያልከውን ሁሉ እዚያው ተወው።